ፒ-ግላይኮፕሮቲንን በጤነኛ የአንጀት ቲሹ ላይ አቅልሞ ማየት፦ ከኦፕራሲዮን ክፍል እስከ ማይክሮስኮፕ

የካንሰር መድኃኒት አልሠራ ሲል ስማቸው የሚነሣው አስወጪ ፕሮቲኖች ከካንሰር ጋር የመጡ አይደሉም። ጤነኛ አንጀት ውስጥም ዕድሜ ልክ በር ሲጠብቁ ይኖራሉ። ከሁሉም ቀድሞ የታወቀው ፒ-ግላይኮፕሮቲን ነው። ጁሊያኖ እና ሊንግ በ1976 እ.ኤ.አ. ኮልቺሲንን በተቋቋሙ የሃምስተር ሕዋሳት ላይ አገኙት፤ በ1987 ደግሞ ዕጢ በሌለበት የሰው ትንሹና ትልቁ አንጀት፣ ጉበት፣ ቆሽትና ኩላሊት ላይ ተቀልሞ ታየ። ሥራው ወደ ሕዋሱ ሾልኮ የገባውን ባዕድ ኬሚካል ኤቲፒ (የሕዋሱን የኃይል ምንጭ) እያቃጠለ ወደመጣበት የአንጀት ክፍተት መልሶ መትፋት ነው። ለተቅማጥ የሚወሰደው ሎፐራማይድ፣ የልብ መድኃኒቱ ዲጎክሲን፣ ዶክሶሩቢሲንና ፓክሊታክሰል ሁሉም እዚህ በር ላይ ይገፋሉ።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ፓቶሎጂ ላብራቶሪ ውስጥ በፓራፊን ብሎክ (በሰም በተቀበረ ቲሹ) ላይ የኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ ሥራ፣ ማለትም አንድን ፕሮቲን ለይቶ በሚይዝ አንቲቦዲ የማቅለም ሥራ፣ ለሚሠሩ ነው። ሥራው ሲጀመር አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የምንፈልገው ቡናማ ቀለም ሳይሆን ቡናማ መስመር ነው። ፒ-ግላይኮፕሮቲን የሚቀመጠው ወደ አንጀቱ ክፍተት በዞረው የሕዋስ ሽፋን ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ትክክለኛ ስላይድ ላይ የሚታየው የቪለሱን (በአንጀቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ያለውን ጣት መሰል ዕድገት) ጫፍ ተከትሎ የሚሄድ ቀጭን መስመር ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘረው ጥንቃቄ ሁሉ ያ መስመር እንዳይጠፋ፣ ሐሰተኛ መስመርም እንዳይፈጠር ነው።

ምን፣ የት ይጠበቃል

ስላይድ ከማዘጋጀትዎ በፊት ምን ሊያዩ እንደሚገባ በወረቀት ላይ ይጻፉ። አይተው ከጨረሱ በኋላ የሚጻፍ ግምት ሁልጊዜ ካዩት ጋር ይስማማል።

ፒ-ግላይኮፕሮቲን ከዱዎዲነም (ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ) ጀምሮ ወደ ታች እየጨመረ ይሄዳል፤ ኢሊየም (የትንሹ አንጀት መጨረሻ) ላይ ጠንካራ ነው። ጨጓራ ላይ ደካማ ነው፤ የምግብ ቧንቧው ስኳመስ ሽፋን ላይ ግልጽ መስመር አይጠበቅም። ቆሽት ላይ የሚታየው በትንንሽ ቱቦዎቹ ውስጠኛ ገጽ እንጂ ኢንዛይም በሚያመነጩት አሲናር ሕዋሳት ላይ አይደለም። ጉበት ላይ የሐሞት ካናሊኩላይን (በጉበት ሕዋሳት መካከል ያሉትን ደቃቅ የሐሞት ቦዮች) ይከተላል።

ጎረቤቶቹን፣ ከእሱ ጋር ስማቸው የሚጠራውን ሌሎች ፕሮቲኖች፣ አብረው የሚያቀልሙ ከሆነ ቦታቸው እንደሚለያይ ይወቁ። ቢሲአርፒ እና ኤምአርፒ2 እንደ ፒ-ግላይኮፕሮቲን ወደ ክፍተቱ የዞሩ ናቸው፤ አካሄዳቸው ግን ተቃራኒ ነው፦ የላይኛው ትንሹ አንጀት ላይ በርትተው ወደ ትልቁ አንጀት ሲወረድ ይቀንሳሉ። ኤምአርፒ1 እና ኤምአርፒ3 የሚቀመጡት በሕዋሱ ጎንና ሥር፣ በደም በኩል ነው። ኤልአርፒ የሚባለው ደግሞ ስሙ ከእነዚህ ጋር ይጠራ እንጂ ፓምፕ አይደለም፤ ቮልት የተባለ የሕዋስ ውስጥ ቅንጣት ዋና አካል ነው። ስለዚህ ኤልአርፒ በሳይቶፕላዝም ውስጥ እንደ ደቃቅ አሸዋ ተበትኖ ቢታይ ትክክል ነው፤ ፒ-ግላይኮፕሮቲን እንደዚያ ከታየ ግን አንድ ነገር ተበላሽቷል።

አንቲቦዲ መምረጥ

በዚህ ዘርፍ ከሚፈጠሩት የተሳሳቱ ውጤቶች ብዙዎቹ የሚመጡት ከአንቲቦዲው ነው። ካታሎጉ ላይ ሁሉም «ለፒ-ግላይኮፕሮቲን» ይላል፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው።

ሲ219 የተባለው አንቲቦዲ ፓራፊን ላይ ይሠራል፤ የሚይዘውም ከሽፋኑ ወደ ውስጥ ያለውን የፕሮቲኑን ክፍል ነው። ችግሩ የቅርብ ዘመዱን ኤምዲአር3ንም መያዙ ነው። ኤምዲአር3 ጉበት ካናሊኩላይ ላይ በብዛት ስላለ፣ በሲ219 ያማረ ጉበት ስለ ፒ-ግላይኮፕሮቲን ብቻ አይመሰክርም። በተጨማሪም የአጽም ጡንቻ ማዮሲንን ይይዛል። የምግብ ቧንቧ የላይኛው ክፍል ጡንቻ ደግሞ የአጽም ጡንቻ ነው፤ እዚያ ላይ የሚወጣውን ደማቅ ቡናማ የፕሮቲኑ ነው ብሎ መመዝገብ የተለመደ ስሕተት ነው።

ጄኤስቢ-1 እና ሲ494 ሌላ ችግር አለባቸው። ሁለቱም ፓይሩቬት ካርቦክሲሌዝ የተባለውን የሚቶኮንድሪያ ኢንዛይም ይይዛሉ። የጨጓራ አሲድ የሚያመነጩት ፓራይታል ሕዋሳት በሚቶኮንድሪያ የታጨቁ ስለሆኑ በእነዚህ አንቲቦዲዎች እንደ በርበሬ ዱቄት የተነሰነሰ ቡናማ ያወጣሉ። ውብ ነው፤ ግን ሐሰት ነው።

ኤምአርኬ16 ከሕዋሱ ውጭ የሚቀረውን ክፍል ይይዛል። ፎርማሊን ያበላሸዋል፤ ስለዚህ በበረደ፣ ባልተቀበረ ቲሹ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። ፓራፊን ብሎክ ካለዎት ገንዘብዎን አያባክኑበት።

ሁነኛው መፍትሔ ስሕተታቸው የማይገናኝ ሁለት አንቲቦዲዎችን፣ ለምሳሌ ሲ219ን እና ሲ494ን፣ ተከታትለው በተቆረጡ ሁለት ስላይዶች ላይ መጠቀም ነው። ሁለቱም የተስማሙበትን ቦታ ብቻ ይቁጠሩ። በጀት ለአንድ ብቻ ከበቃ ሲ219ን ወስደው ጉበትንና የአጽም ጡንቻን ከድምዳሜ ማስወጣት ይሻላል።

ለሌሎቹ ብዙ ጊዜ የሚታዘዙት ቢኤክስፒ-21 ለቢሲአርፒ፣ ኤምአርፒአር1 ለኤምአርፒ1፣ ኤልአርፒ-56 ለኤልአርፒ ናቸው። ኤምአርፒአር1 ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የተሠራው ከራት ነው፣ ከማውስ አይደለም። በአማርኛ ሁለቱንም አይጥ ብለን እናልፋቸዋለን፤ ሁለተኛው አንቲቦዲ (የመጀመሪያውን ይዞ ቀለሙን የሚያመጣው) ግን አያልፋቸውም። ላብራቶሪው ያለው ኪት ለማውስና ለጥንቸል ብቻ ከሆነ ስላይዱ ባዶ ወይም ፈዛዛ ሆኖ ይወጣል፤ ሰውም «ኤምአርፒ1 የለም» ብሎ ይጽፋል። የራት ሁለተኛ አንቲቦዲ አብረው ይዘዙ።

ቲሹው በእርግጥ ጤነኛ ነው?

የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና የታካሚው የጽሑፍ ስምምነት ካለ በኋላ፣ ጤነኛ የሚባለው ቲሹ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ለካንሰር ከተቆረጠ አንጀት ጠርዝ ነው። ከዕጢው ቢቻል 10 ሴንቲ ሜትር ይራቁ። ዕጢው አጠገብ ያለው ሙኮሳ (የአንጀቱ ውስጠኛ ሽፋን) ዐይን ላይ ጤነኛ ቢመስልም ክሪፕቶቹ (ወደ ውስጥ የገቡት ጉድጓዶች) የረዘሙ፣ ንፍጣቸውም የተለወጠ ሊሆን ይችላል። ከእያንዳንዱ ብሎክ አንድ ኤች-ኤንድ-ኢ (በተለመደው ሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን የቀለመ) ስላይድ ሠርተው ፓቶሎጂስት «ጤነኛ» ብሎ ካልፈረመበት ወደ አንቲቦዲ አይሂዱ።

በአገራችን የቀዶ ጥገና ክፍሎች ሲግሞይድ ቮልቩለስ (የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል መጠምዘዝ) የተለመደ ስለሆነ ያንን አንጀት ለመጠቀም ይቃጣል። በድንገተኛ ኦፕራሲዮን የወጣው ደም ያጣ ነው፤ ያልጠቆረው ክፍልም ያበጠና ኤፒቴሊየሙ (ገጹን የሸፈኑት ሕዋሳት) የላላ ስለሆነ አይሆንም። ጥምዘዛው በቱቦ ከተፈታ በኋላ ታካሚው አገግሞ በቀጠሮ ከተቆረጠው ግን ኤች-ኤንድ-ኢው እስካለፈ ድረስ መውሰድ ይቻላል።

እብጠት ያለበትን ቲሹም ያግልሉ። አልሰረቲቭ ኮላይተስ (የትልቁ አንጀት የቁስለት ሕመም) ላይ ፒ-ግላይኮፕሮቲንም ቢሲአርፒም ይቀንሳሉ፤ ፒ-ግላይኮፕሮቲንን ያጡ የላብራቶሪ አይጦች ራሳቸው ኮላይተስ ይይዛቸዋል።

ከዚያ የመድኃኒት ታሪክ አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እሱ ነው። ሪፋምፒሲን ፒኤክስአር በተባለው ተቀባይ በኩል የአንጀት ፒ-ግላይኮፕሮቲንን ያበዛል። በ1999 በታተመ ጥናት በቀን 600 ሚ.ግ. ሪፋምፒሲን የወሰዱ ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች የዱዎዲነም ፒ-ግላይኮፕሮቲናቸው በአማካይ 3.5 እጥፍ ከፍ ብሏል፤ የሚውጡት ዲጎክሲንም ወደ ደማቸው የሚገባው ቀንሷል። የቲቢ ሕክምና ሪፋምፒሲንን ለ6 ወር ያስወስዳል፤ ስለዚህ እዚህ አገር ይህ ጥያቄ ለወጉ ያህል የሚጠየቅ አይደለም። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይንም በዚሁ ይመደባሉ። ታካሚው ባለፉት ሳምንታት ምን ሲወስድ እንደነበር በቅጹ ላይ ካልሰፈረ ናሙናው «ጤነኛ» ሳይሆን «የማይታወቅ» ነው።

ከኦፕራሲዮን ክፍል እስከ ፎርማሊን

የትንሹ አንጀት ቪለስ ከደም ሥር ከተለየበት ደቂቃ ጀምሮ ከጫፉ መርገፍ ይጀምራል። ፒ-ግላይኮፕሮቲን ደግሞ በብዛት ያለው እዚያው ጫፉ ላይ፣ በጎለመሱት ሕዋሳት ነው፤ ክሪፕት ውስጥ ያሉት ለጋ ሕዋሳት ያላቸው ጥቂት ነው። ናሙናው ባልዲ ውስጥ 3 ሰዓት ከቆየ የሚጠፋው በዘፈቀደ ያለ ቲሹ ሳይሆን ልንለካው የፈለግነው ራሱ ነው። ከተቆረጠበት እስከ ፎርማሊን ከ30 ደቂቃ አይለፍ፤ ቢከብድ ከ1 ሰዓት። ቆሽት ራሱን በራሱ ስለሚፈጭ ቅድሚያ ይሰጠው።

ፎርማሊኑን ራስዎ ይበጥብጡ። ለ1 ሊትር፦ ከ37 እስከ 40 በመቶ የሆነ ፎርማልዴሃይድ 100 ሚ.ሊ.፣ የተጣራ ውኃ 900 ሚ.ሊ.፣ ሞኖሃይድሬት የሆነ ሶዲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት 4 ግራም፣ ውኃ አልባ ዳይሶዲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት 6.5 ግራም። ፒኤቹ 7 አካባቢ መሆን አለበት። ያለ ጨዎቹ በቧንቧ ውኃ ብቻ የተበጠበጠ ፎርማሊን ሲቆይ አሲድ ይሆናል፤ ቲሹው ላይ ጥቁር ቡናማ ቅንጣት ይጥላል። ያ ቅንጣት ዳብ ከሚባለው ማቅለሚያ ጋር ዐይን ላይ ይመሳሰላል።

አንጀቱን በጨው ውኃ ቀስ ብለው ያለቅልቁ፤ በጣት አይሹት። ሙኮሳውን ወደ ላይ አድርገው ፎም ወይም ቡሽ ላይ በመርፌ ይወጥሩት፣ ገልብጠው ፎርማሊን ላይ ያንሳፉት። ሳይወጠር የገባ አንጀት ይጠቀለላል፤ የተጠቀለለ አንጀት ደግሞ ሲቆረጥ ቪለሱን አግድም ስለሚበጥሰው የሚፈለገው መስመር ወደ ቀለበትና የማር እንጀራ ቅርጽ ይለወጣል። የፎርማሊኑ መጠን ከቲሹው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ጠንከር ሲል 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸውን ቁርጦች ከሙኮሳው ገጽ ቀጥ ብለው ያውጡና በካሴት መልሰው ይንከሩ። ጠቅላላው ጊዜ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይሁን። ዓርብ ገብቶ ማክሰኞ የሚወጣ ናሙና አንቲጅኑ (አንቲቦዲው የሚይዘው የፕሮቲኑ ክፍል) ከመጠን በላይ ይታሠራል፤ ወይ መውጫ ቀኑን አስቀድመው ያስቡ፣ ወይ 48 ሰዓት ሲሞላ ወደ 70 በመቶ አልኮል ያዛውሩት።

መቁረጥና ስላይድ ላይ መለጠፍ

4 ማይክሮን ይቁረጡ። የውኃው ሙቀት ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ይሁን። ኤሌክትሪክ የተሞላ ወይም በፖሊ-ሊ-ላይሲን የተቀባ ስላይድ የግድ ነው፤ ተራ ስላይድ ላይ የተለጠፈ አንጀት ፕሬዠር ኩከር ውስጥ ሲገባ ይላቀቃል። ሌሊቱን በ37 ዲግሪ ያድርቁ። የተቆረጠ ስላይድ መሳቢያ ውስጥ ሲከርም አንቲጅኑ ስለሚደክም ለሳምንቱ የሚበቃውን ብቻ ይቁረጡ፤ ብሎኩ ግን ይቆያል።

በእያንዳንዱ ዙር ማረጋገጫ ስላይዶች ይግቡ። ለፒ-ግላይኮፕሮቲን ከካንሰር ጋር ከወጣ ኩላሊት የተወሰደ ጤነኛ ክፍል ጥሩ ነው፤ የቅርብ ቱቦዎቹ ብሩሽ ጠርዝ ይቀለማል። ለቢሲአርፒ እንግዴ ልጅን የሚያህል የለም፣ በቀላሉም ይገኛል። ለአሉታዊ ማረጋገጫ የመጀመሪያውን አንቲቦዲ መተው ብቻ አይበቃም፤ ከዚያው ዝርያና ከዚያው ዓይነት የሆነ፣ ምንም የማይፈልግ አንቲቦዲ በተመሳሳይ መጠን ይጨምሩ። ሲ219 አይጂጂ2ኤ የተባለው የአንቲቦዲ ዓይነት ስለሆነ የማውስ አይጂጂ2ኤ ያስፈልጋል።

ፓራፊኑን ማውጣትና አንቲጅኑን መፍታት

ስላይዶቹን በ60 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ያሙቁ። ከዚያ ዛይሊን ሁለት ጊዜ 5 ደቂቃ፣ ፍጹም አልኮል ሁለት ጊዜ 3 ደቂቃ፣ 95 በመቶ 3 ደቂቃ፣ 70 በመቶ 3 ደቂቃ፣ የተጣራ ውኃ። ከዚህ በኋላ እስከ መጨረሻው ስላይዱ ለቅጽበት እንኳ አይድረቅ።

ሲትሬት ባፈር ለ1 ሊትር፦ ትራይሶዲየም ሲትሬት ዳይሃይድሬት 2.94 ግራም፣ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤቹን 6.0 አድርሰው ቱዊን-20 ግማሽ ሚ.ሊ. ይጨምሩ። ይህ አልሠራ ካለ ትሪስ-ኢዲቲኤ ይሞክሩ፦ ትሪስ 1.21 ግራም፣ ኢዲቲኤ 0.37 ግራም፣ ፒኤች 9.0፣ ቱዊኑ ያው።

አሁን የከፍታ ነገር። ከውጭ የሚመጡት ፕሮቶኮሎች «በ98 ዲግሪ 20 ደቂቃ» ይላሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ወደ 2,355 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ማይክሮዌቭ ውስጥ ባፈሩ ቢንተከተክም፣ ቢገነፍልም ከዚያ አያልፍም። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብሎ የሚቀይር ሰው አይጠፋም፤ ቴርሞሜትሩ ግን ልክ ነው። ጎንደርም መቀሌም ልዩነታቸው 1 ዲግሪ ቢሆን ነው፤ ድሬዳዋ ላይ 96 ይደርሳል። ለዚህ ነው ደጋ ላይ ፕሬዠር ኩከር ቅንጦት የማይሆነው። ቫልቩ ከውጭው አየር በላይ 1 ባር የሚይዝ ከሆነ፣ በባሕር ጠለል 120 ዲግሪ የሚሰጠው ድስት አዲስ አበባ ላይ 116 ያህል ይሰጣል፤ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ለሽሮና ለባቄላ የሚሸጠው የማይዝግ ብረት ድስት ይሠራል፤ አሉሚኒየም አይጠቀሙ፣ ከእንግዲህም ምግብ አይሠራበት። ባፈሩን መጀመሪያ ሳይከድኑ ያፍሉ፣ ስላይዶቹን በብረት መደርደሪያ ያስገቡ፣ ይክደኑ። ሰዓት መቁጠር የሚጀመረው ሙሉ ግፊት ሲይዝ ነው፤ ከዚያ 3 ደቂቃ። ድስቱን በቀዝቃዛ ውኃ አብርደው ግፊቱ ሲወጣ ይክፈቱ፣ ስላይዶቹ ግን እዚያው ባፈር ውስጥ 20 ደቂቃ ይቀዝቅዙ። ከትኩስ ባፈር ወጥቶ አየር ያገኘ ስላይድ በቅጽበት ይደርቃል። ፕሬዠር ኩከር የሌለው ሰው በማይክሮዌቭ ጊዜውን ወደ 40 ደቂቃ ያርዝምና በየ5 ደቂቃው የጎደለውን በፈላ የተጣራ ውኃ ይሙላ፤ ውጤቱ ግን ይደክማል።

ማቅለም

ለማጠቢያ ፒቢኤስ፦ ሶዲየም ክሎራይድ 8 ግራም፣ ፖታሲየም ክሎራይድ 0.2፣ ዳይሶዲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት 1.44፣ ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት 0.24፣ በ1 ሊትር፣ ፒኤች 7.4፣ ቱዊን-20 ግማሽ ሚ.ሊ.። እንዳይበላሽ ብለው ሶዲየም አዛይድ አይጨምሩበት፤ አዛይድ ፐርኦክሲዴዝን (ዳቡን ቡናማ የሚያደርገውን ኢንዛይም) ይገድላል፣ ስላይዱም ነጭ ሆኖ ይቀራል።

በመጀመሪያ የቲሹውን የራሱን ፐርኦክሲዴዝ ይዝጉ፦ 30 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 10 ሚ.ሊ. በ90 ሚ.ሊ. ሜታኖል፣ 10 ደቂቃ። አንጀት ላይ ይህን ወደ 15 ደቂቃ ማድረስ አይጎዳም። የአንጀት ሙኮሳ ኢዮሲኖፊል (አንድ የነጭ ደም ሕዋስ ዓይነት) የሚበዛበት ቦታ ነው፤ ጥገኛ ትላትል ባሉበት ሰው ላይ ደግሞ ይባስ ይበዛል፤ ኢዮሲኖፊል ውስጥ ያለው ፐርኦክሲዴዝም በቀላሉ አይሞትም። ከኤፒቴሊየሙ ሥር ክብ ክብ ደማቅ ቡናማ ሕዋሳት ካዩ ኤምአርፒ1 ያለባቸው ሊምፎሳይቶች ከማለትዎ በፊት ዳብ ብቻ የተደረገበትን ስላይድ ይመልከቱ።

ከታጠበ በኋላ 5 በመቶ ሲረም 20 ደቂቃ፤ አይታጠብም፣ ይራገፋል። ከዚያ የመጀመሪያው አንቲቦዲ። አምራቹ የጻፈውን መጠን እንደ መነሻ ብቻ ይያዙትና 1:20፣ 1:50፣ 1:100፣ 1:200 እና 1:400 በኩላሊት ስላይድ ላይ ይፈትኑ፤ የሚመረጠው መስመሩ ጥርት ያለበት፣ ከሥሩ ያለው ተያያዥ ቲሹ ግን ነጭ የሆነበት ነው። ስሌቱ፦ ለ10 ስላይድ በያንዳንዱ 150 ማይክሮ ሊትር ብንፈልግ 1.5 ሚ.ሊ. ነው፤ በ1:50 ከሆነ አንቲቦዲው 30 ማይክሮ ሊትር፣ ማቅጠኛው 1,470። ሌሊቱን በ4 ዲግሪ፣ እርጥበት ባለው የተከደነ ሳጥን ውስጥ። መብራት የሚጠፋበት ሠፈር ከሆነ ሳጥኑን ፍሪጅ ውስጥ በበረዶ ከረጢቶች መካከል ያስቀምጡ ወይም በክፍል ሙቀት 1 ሰዓት በሚለው ይሥሩ። የአንቲቦዲውን ክምችት ግን በ10 ማይክሮ ሊትር ከፋፍለው ያስቀምጡ፤ እየቀለጠና እየረጋ የሰነበተ አንቲቦዲ ምልክት ሳይሰጥ ነው የሚሞተው።

ሦስት ጊዜ 5 ደቂቃ ይጠቡ። ለሁለተኛው ደረጃ ፖሊመር ኪት ይምረጡ፤ 30 ደቂቃ። በአቪዲን-ባዮቲን የሚሠራው አሮጌ ኪት አንጀትና ጉበት ላይ ያስቸግራል፤ ቲሹው የራሱ ባዮቲን አለውና፣ ሙቀቱም ይበልጥ ይገልጠዋል። ከዚህ ውጭ ሌላ ከሌለ የአቪዲንና የባዮቲን መዝጊያውን ደረጃ አይዝለሉ።

ዳብ ሲጨምሩ የኩላሊቱን ስላይድ ማይክሮስኮፕ ሥር ያድርጉና ይመልከቱ። የቱቦዎቹ ብሩሽ ጠርዝ ብቅ ሲል ሰዓቱን ይመዝግቡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ደቂቃ ነው። ያንኑ ሰከንድ ለሁሉም ስላይድ ይስጡ። አንዱ ፈዘዘ ብሎ መጨመር ንጽጽሩን ያፈርሰዋል። ዳብ ካንሰር ያመጣል ተብሎ ይጠረጠራል፤ ጓንት ያድርጉ፣ ትራፊውን ለብቻው ያጠራቅሙ እንጂ ገንዳ ውስጥ አይድፉ።

ማየር ሄማቶክሲሊን 30 ሰከንድ ይበቃል። ሰማያዊው ከበዛ ቀጭኑን ቡናማ መስመር ይውጠዋል። በቧንቧ ውኃ ሰማያዊ ካደረጉት በኋላ በአልኮልና በዛይሊን አሳልፈው በዲፒኤክስ (በስላይድ ማጣበቂያ) ይክደኑ።

ማንበብ

መጀመሪያ ኩላሊቱ፣ ቀጥሎ አይጂጂ2ኤው። ከሁለቱ አንዱ ካላለፈ የቀረውን አይዩት፤ ዐይን አንዴ ካየ መልሶ ማስረሳት ይከብዳል።

በ40 እጥፍ ኦብጀክቲቭ ኢሊየም ሲታይ፣ ትክክለኛው መስመር ልክ በተቀረጸ እርሳስ ጫፍ የተሰመረ ይመስላል፦ በቪለሱ ትከሻና ጫፍ ላይ ጠቆር ይላል፣ ወደ ክሪፕት ሲወረድ እየሳሳ ይጠፋል። ንፍጥ የሚያመነጩት ጎብሌት ሕዋሳት አፋቸውን በከፈቱበት ቦታ መስመሩ ቁርጥ ይልና ከዚያ ወዲያ ይቀጥላል። ይህ መቆራረጥ ጥሩ ምልክት ነው።

ሐሰተኛው መስመርም አለ። ስላይዱ ጠርዙ ላይ ትንሽ ከደረቀ ወይም ንፍጥ ላይ ዳብ ከተጠራቀመ፣ ቡናማው ጎብሌቱንም ሳይለይ የቲሹውን ዳርቻ ሁሉ ተከትሎ ይሄዳል። ለመለየት ሦስት ቦታ ይዩ። አንደኛ፣ ክፍተት በሌለበት በሴሮሳው (በአንጀቱ የውጭ ሽፋን) በኩል ጠርዙ ከቀለመ የመድረቅ ነው። ሁለተኛ፣ ከዳርቻው ርቀው በተቀመጡ፣ በቪለስ መካከል በታቀፉ ገጾች ላይ መስመሩ ከሌለ ይጠርጥሩ። ሦስተኛ፣ አይጂጂ2ኤው ላይ ተመሳሳይ ጠርዝ ካለ ነገሩ አለቀ።

ከኒውክለሱ በላይ አንድ ጠብታ የመሰለ ቡናማ ቢታይ ጎልጂ (ሕዋሱ ፕሮቲን አዘጋጅቶ የሚልክበት ክፍል) ላይ ያለ ገና ወደ ሽፋኑ ያልደረሰ ፕሮቲን ሊሆን ይችላል፤ ለብቻው ይመዝገብ እንጂ ከመስመሩ ጋር አይደመር።

ለቁጥር ኤች-ስኮር ይጠቀሙ። በትክክል ቀጥ ብለው የተቆረጡ ቪለሶችን ብቻ መርጠው ቢያንስ 500 ሕዋስ ይቁጠሩ። ደካማ የቀለሙት መቶኛ በ1፣ መካከለኛው በ2፣ ጠንካራው በ3 ተባዝቶ ይደመራል። 20 በመቶ ያልቀለመ፣ 30 ደካማ፣ 40 መካከለኛ፣ 10 ጠንካራ ከሆነ 30 ሲደመር 80 ሲደመር 30፣ 140 ነው፤ ጣሪያው 300። ቪለስና ክሪፕትን ለየብቻ ይቁጠሩ፤ ከተደባለቁ ውጤቱ የሚነግረን የፕሮቲኑን መጠን ሳይሆን ቁርጡ ውስጥ ስንት ክሪፕት እንደገባ ነው። ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ያንብቡ፤ የተለያዩበትን አብረው ይዩ።

የተለያዩ ሰዎችን ዱዎዲነምና ኮሎን ከማወዳደር የአንድን ሰው ሁለት ክፍሎች፣ ቢቻል በአንድ ብሎክ ቀብረው፣ ማወዳደር ይበልጣል። ሰው ከሰው በእጅጉ ይለያያል። በ2000 የወጣ አንድ ሥራ በጂኑ 3435ኛ ቦታ ላይ ሁለቱም ቅጂያቸው ቲ የሆኑ ሰዎች የዱዎዲነም ፒ-ግላይኮፕሮቲናቸው ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተሠሩት ግን አልተስማሙም።

በዌስተርን ብሎት ማጣራት

ከፎርማሊን በፊት ከሙኮሳው በስላይድ ጠርዝ ጥቂት ፍቀው በማይነስ 80 አስቀምጠው ከሆነ የስላይዱን ጥርጣሬ በዌስተርን ብሎት፣ ማለትም ፕሮቲኖችን በጄል ላይ በክብደታቸው ለይቶ በአንቲቦዲ በማየት፣ መቁረጥ ይቻላል። የአንጀት ሙኮሳ በፕሮቲን ፈጪ ኢንዛይም የተሞላ ስለሆነ መከላከያ ኮክቴሉ ገና ሲፈቅ ይጨመር። ትልቁ ስሕተት ናሙናውን እንደ ልማድ በ95 ዲግሪ ማፍላት ነው፤ እንደዚህ ያሉ የሽፋን ፕሮቲኖች ሲፈሉ ተጣብቀው ጄሉ አፍ ላይ ይቀራሉ። በ37 ዲግሪ 30 ደቂቃ ይበቃል። 40 ማይክሮ ግራም በ7.5 በመቶ ጄል ያሂዱ።

ፒ-ግላይኮፕሮቲን ስኳር የተሸከመ በመሆኑ 170 ኪሎ ዳልተን ላይ ሰፋ ብሎ የተዳመጠ ባንድ ይሰጣል። በጄኤስቢ-1 ወይም በሲ494 130 አካባቢ ስል ባንድ ከወጣ ፓይሩቬት ካርቦክሲሌዙ ነው፤ በሲ219 200 ላይ ከወጣ ከፍቆሽ ጋር የአጽም ጡንቻ ገብቷል፣ ማዮሲን ነው። ቢሲአርፒ 72 ላይ ይጠበቃል። ባንዱን የምናመዛዝነው በአክቲን አይደለም፤ አክቲን በጡንቻውም በተያያዥ ቲሹውም ስላለ ፍቆሹ ውስጥ ስንት ኤፒቴሊየም እንደነበረ አይነግረንም። ቪሊን ግን ብሩሽ ጠርዝ ባላቸው በእነዚያው የኤፒቴሊየም ሕዋሳት ውስጥ ነው የሚገኘው፤ ስለዚህ የፒ-ግላይኮፕሮቲኑ ባንድ ለቪሊኑ ባንድ ይካፈል።